የቤት ሞደም ከመግዛታችሁ በፊት ግድግዳውን እዩ

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ጎረቤቴ አዲስ ካርቶን ታቅፎ መጣ። «5ጂ ገዛሁ!» አለኝ። ፊቱ በርቷል። 5ጂ አዳማ ከገባ ወዲህ ልጆቹ ነጋ ጠባ ሲነዘንዙት ነው የከረሙት።

ሳጥኑን አውጥቼ አገላበጥኩት። ሲም ካርድ የሚገባበት ቦታ የለውም። ጀርባው ላይ የስልክ ገመድ የሚሰካባት ትንሿ ቀዳዳ አለች። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው 5ጂ የዋይፋዩ ሞገድ ነው፤ 5 ጊጋኸርዝ ለማለት። ከሞባይሉ 5ጂ ጋር ስም ተጋሩ እንጂ ዝምድና የላቸውም። ሰውየው የገዛው ለስልክ መስመር የሚሆን ሞደም ነው። ቤቱ ደግሞ የስልክ መስመር ገብቶለት አያውቅም። ሻጩ ጋ ተመልሶ ሄደ። «ካርቶኑ ተከፍቷል» ተብሎ መጣ።

ብዙዎቻችን ሞደም የምንመርጠው እንደዚህ ነው። አንቴናውን እንቆጥራለን፣ ዋጋውን እንጠይቃለን፣ ሻጩ «ይሄ አሪፍ ነው» ሲል ኪሳችን እንገባለን። ሳጥኑ ግን መጨረሻ ላይ ነው መምጣት ያለበት። መጀመሪያ ቤታችሁ ድረስ የሚመጣው መስመር ምን እንደሆነ ይታወቅ። ከዚያ ቤቱ ራሱ ይታይ፤ ግድግዳው፣ ሰርቪሱ፣ መብራቱ። እነዚህ ከታወቁ ምርጫው ወደ ሁለት ወይም ሦስት ዕቃ ይጠብባል።

አንድ ነገር እናጥራ። ሞደም ከውጭ የሚመጣውን ምልክት ወደ ኢንተርኔት የሚቀይረው ነው። ራውተር ያንን ተቀብሎ ለስልኩ፣ ለቴሌቪዥኑ፣ ለላፕቶፑ የሚያከፋፍለው ነው። አሁን የሚሸጡት አብዛኞቹ ሁለቱንም በአንድ ሳጥን የያዙ ናቸው፤ እኛም ሁሉንም «ሞደም» ብለን እንጠራለን። ሱቅ ውስጥ ግን ራውተር ብቻ የሆነም አለ። የስልክ ቀዳዳ፣ የፋይበር ቀዳዳ ወይም የሲም ቦታ ከሌለው ራውተር ብቻ ነው። ብቻውን ኢንተርኔት አያመጣም።

ምን ገብቶላችኋል?

ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ያለውን ግድግዳ እዩ። ሁለት ቀጫጭን ሽቦ የያዘ የስልክ ገመድ ካለ መስመራችሁ መዳብ ነው፤ ቴክኒሻኖቹ «ኮፐር» የሚሉት። ለእሱ የሚሆነው ኤዲኤስኤል ሞደም ነው። ቀጭን ኬብል ገብቶ ጫፉ ላይ አረንጓዴ የፕላስቲክ ራስ ካለው ፋይበር ነው። ለእሱ የሚሆነው «ኦኤንቲ» ይባላል። ምንም ካልገባ ሲም ካርድ የሚበላ ሞደም ነው የቀራችሁ፣ ወይም መስመር ማስገባት።

ማስገባት የምትፈልጉ ከሆነ 994 ደውላችሁ ወይም ኢትዮ ቴሌኮም ቢሮ ሄዳችሁ ሞደም ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። «ሰፈራችን ፋይበር አለ ወይ?» ብቻ ብላችሁ አትመለሱ። ምሰሶው ላይ ወይም ግንቡ ላይ የምትታየው የማከፋፈያ ሳጥን የተወሰነ ቀዳዳ ነው ያላት። ፋይበር በራችሁ ላይ አልፎ ሳጥኗ ከሞላች ወረፋ ጠብቁ ልትባሉ ትችላላችሁ። ስለዚህ «ክፍት ቦታ አለ ወይ?» በሉ።

መዳብ ከሆነ

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ኤዲኤስኤል 2 ፕላስ የሚባለው የመዳብ ዓይነት በወረቀት እስከ 24 ሜጋ (በሰከንድ 24 ሜጋ ቢት) ያወርዳል። ወደ ላይ የሚልከው ግን 1 ሜጋ ገደማ ነው። ያቺ 1 ሜጋ ናት በቪዲዮ ስትደውሉ ምስላችሁን ድርቅ የምታደርገው። 24ቱም ቢሆን ከቴሌ ጣቢያው በራቃችሁ ቁጥር ይቀንሳል። ሞደሙን በወርቅ ብትለብጡት ርቀቱን አያሳጥረውም።

መስመራችሁ ምን ላይ እንዳለ ማወቅ ከፈለጋችሁ ስልካችሁን ከሞደሙ ዋይፋይ ጋር አገናኝታችሁ ብራውዘሩ ላይ 192.168.1.1 ብላችሁ የሞደሙን ገጽ ክፈቱ። የመስመር ሁኔታ የሚያሳየው ቦታ ላይ ሁለት ቁጥር ፈልጉ። አንዱ የምልክቱ መዳከም ነው፤ ከ50 ዴሲቤል በላይ ከሆነ መስመሩ ረጅም ወይም የተጎዳ ነው። ሌላው ምልክቱ ከጫጫታው ያለው ብልጫ ነው፤ ከ6 ዴሲቤል በታች ከወረደ ሞደሙ በየሰዓቱ ይቆራረጣል። ቁጥሮቹ እንዲህ ሆነው ሞደም ብትቀይሩ ገንዘባችሁን ነው የምትጥሉት። ቴክኒሻን ጠርታችሁ የተበላ ሽቦና የላላ መገጣጠሚያ ይታይ። መደበኛ ስልክም ካላችሁ የስልኩንና የኢንተርኔቱን ምልክት የምትለየውን ትንሽ ዕቃ፣ ስፕሊተሯን አትርሱ። እሷ ከሌለች ስልኩ ይጮሃል፣ ኢንተርኔቱ ይንቀራፈፋል።

ምርጫ? ርካሽ፣ የታወቀ ሞደም፣ ባለ 2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ይበቃል። 4 ሜጋ ለሚያመጣ መስመር ባለ ስድስት አንቴና ሳጥን መግዛት ለባጃጅ የመርሴዲስ ጎማ እንደመግጠም ነው።

ፋይበር ከሆነ

ፋይበር የገባለት ሰው ዕድለኛ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ከጣቢያው የሚነሳው አንድ የብርሃን ክር በመንገድ ላይ ተከፋፍሎ ብዙ ጊዜ ለ32 ወይም ለ64 ቤት ይዳረሳል። ጂፖን በሚባለው ዓይነት ያ ክር ወደ ታች 2.5 ጊጋ፣ ወደ ላይ 1.25 ጊጋ ገደማ ይሸከማል። መካከሉ ላይ መብራት የሚፈልግ ዕቃ የለም። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ መብራት ጋ ስንደርስ እመለስበታለሁ።

የፋይበር ሞደም ከመዳቡ የሚለይበት ትልቁ ነገር፣ ሱቅ ገብታችሁ ደስ ያላችሁን ገዝታችሁ ሰክታችሁ አለመሥራቱ ነው። እያንዳንዱ ሳጥን መለያ ቁጥር አለው። ቁጥሩ ድርጅቱ ሲስተም ላይ ካልተመዘገበ መስመሩ አያውቀውም። ስለዚህ ከጓደኛ የተገኘ ወይም ከውጭ አገር የመጣ ሳጥን ካላችሁ ከመሰካታችሁ በፊት ይመዘግቡላችሁ እንደሆነ ጠይቁ።

የሚገጠምላችሁን መምረጥ ከቻላችሁ ሞዴሉን ተመልከቱ። ለምሳሌ የሁዋዌ ኤችጂ8245ኤች የቆየ፣ ጠንካራ ሳጥን ነው። ዋይፋዩ ግን 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው። ኢጂ8145ቪ5 የሚባለው 2.4ም 5ም አለው። ሁለቱም በፋይበሩ በኩል እኩል ናቸው፤ ልዩነቱ ቤት ውስጥ ነው የሚታየው። የመጀመሪያው ደርሷችሁ ከሆነ አትበሳጩ። ከ20 ሜጋ በታች ለሆነ ፓኬጅ ልዩነቱ ብዙም አይሰማችሁም። ከፍ ያለ ፓኬጅ ካላችሁ ከጀርባው አንድ ጥሩ ራውተር በኬብል መጨመር ይቻላል። ያኔ የራውተሩ ቀዳዳዎች ጊጋ መሆናቸውን አረጋግጡ። ባለ 100 ሜጋ ቀዳዳ ቢበዛ 94 ሜጋ ገደማ ነው የሚያሳልፈው።

ኬብሉን ደግሞ እንደ ስልክ ገመድ አትጠፉት። ውስጡ ብርጭቆ ነው። በበር ሥር አሳልፈው በሩን የሚደፉበት ሰዎች አይቻለሁ። ኤልኦኤስ የተጻፈባት መብራት ቀይ ሆና ብልጭ ድርግም ካለች ብርሃኑ እየደረሰ አይደለም ማለት ነው። ሞደሙን አሥር ጊዜ ብታጠፉና ብታበሩ አይመለስም፤ ኬብሉን እዩ፣ ከዚያ ደውሉ። ጫፉን ነቅላችሁ ደግሞ ዓይናችሁን አትደቅኑበት። ብርሃኑ በዓይን አይታይም፤ ዓይንን ግን ሊጎዳ ይችላል።

በሲም የሚሠራ ከሆነ

የተከራየ ሰው፣ አዲስ ሰፈር የሠራ ሰው፣ በየዓመቱ ቤት የሚቀይር ሰው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው የሚያርፈው። አዳማ ላይ ሁለት ምርጫ አለን። ኢትዮ ቴሌኮም አለ፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም በ2022 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲጀምር ቀድሞ ከገባባቸው ከተሞች አዳማ አንዷ ናት። የቱ ይሻላል ብላችሁ እኔን አትጠይቁኝ። ፖስታ ቤት አካባቢ ያለ ሰው የሚለውና ቦኩ ሸነን ያለ ሰው የሚለው አንድ አይሆንም። በአንድ ግቢ ውስጥ እንኳ ከፊት ያለው ክፍልና ከኋላ ያለው ይለያያሉ።

ስለዚህ ሞደሙን ሳትገዙ በስልካችሁ ፈትኑ። የሁለቱንም ሲም አስገቡ፣ ትንሽ ፓኬጅ ግዙ፣ ሞደሙ ሊቀመጥ የታሰበበት ቦታ ላይ ሞክሩ። ፈተናው ማታ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይሁን። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ያለው ፍጥነት አይታመንም፤ ያኔ ሰፈሩ ሥራ ላይ ነው። ማታ ግን ሁሉም ሰው ድራማ ላይ ነው።

የአንድሮይድ ስልክ ካላችሁ መደወያው ላይ *#*#4636#*#* ብላችሁ ስትጽፉ በብዙ ስልኮች ላይ የሲግናሉ ኃይል በዲቢኤም ይወጣል። ቁጥሩ ኔጌቲቭ ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ጥሩ ነው። ለ4ጂ ከ-90 የተሻለ ከሆነ ደስ ይበላችሁ። ከ-110 የባሰ ከሆነ ችግር አለ። እኔ ቤት ሳሎን መካከል -112 ነበር። እዚያው ሳሎን መስኮቱ ላይ -97። 15 ዲቢ ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ በኃይል ሲታሰብ ግን ከ30 እጥፍ በላይ ነው። ሞደሙ ሦስት ሜትር ተንቀሳቅሶ ያን ያህል አተረፈ። አንዲት ሳንቲም አላወጣሁም።

ሳጥኑ ላይ ስትመጡ ሦስት ዓይነት ታገኛላችሁ። ማይፋይ የምትባለው ኪስ የምትገባ ባለ ባትሪ ናት። ለተማሪ፣ ለመንገደኛ፣ ለአንድና ለሁለት ሰው ትሆናለች። ለቤተሰብ ግን አልመክርም። ዋይፋይዋ ከአንድ ግድግዳ አያልፍም፣ ቀኑን ሙሉ ቻርጀር ላይ ከዋለች ባትሪዋ ሊያብጥ ይችላል።

ሁለተኛው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ነው። እንደ ሁዋዌ ቢ315 ያለው ኬት 4 ይባላል (ኬት የ4ጂ ሞደም የፍጥነት ደረጃ ነው)፤ በወረቀት እስከ 150 ሜጋ ያወርዳል፣ 50 ይልካል። ኬት 6 የሚባሉት 300 ድረስ ይላሉ፤ ሁለት ሞገድ አንድ ላይ አጣምረው ስለሚይዙ። ሲግናል ደህና በሆነበት ሰፈር ኬት 6 ማታ ላይ ልዩነት ያመጣል። እኔ ግን ከኬቱ ይልቅ ጀርባውን ነው የማየው፦ የውጭ አንቴና የሚታሰርበት ሁለት ክብ ቀዳዳ አለው ወይ? ቢ315 ይህ አለው። ዛሬ ባያስፈልጋችሁ ነገ ቤት ስትቀይሩ ያስፈልጋችኋል።

ሦስተኛው 5ጂ የሚቀበለው ነው። ውድ ነው። 5ጂ የሚያሰራጨው ማማ ቅርብ ከሆነና ስልካችሁም ላይ 5ጂ ቤት ውስጥ ተቀምጣችሁ የሚታይ ከሆነ ግዙት፣ አትቆጩም። ስልኩ ደጅ ወጥታችሁ ብቻ 5ጂ የሚያሳይ ከሆነ ግን ሳጥኑ ቤት ውስጥ ተመልሶ 4ጂ ላይ ነው የሚያርፈው።

መቆለፉንም ጠይቁ። ከአንድ ድርጅት የተገዛ ሞደም የሌላውን ሲም ላይቀበል ይችላል። ከውጭ የመጣ ከሆነ ደግሞ እዚህ የምንጠቀምበትን ሞገድ መያዙን በዕቃው ላይ ሳይሆን በሲማችሁ አረጋግጡ። አስገቡ፣ ኢንተርኔት ክፈቱ፣ ከዚያ ክፈሉ።

ፋይበርና 4ጂ ሁለቱም ካሉስ? ለእኔ ጥያቄው አያጠራጥርም፤ ቤቱ የራሳችሁ ከሆነ፣ ወይም ሁለት ዓመት የምትቆዩ ከሆነ ፋይበር። ማታ ላይ ያለው ልዩነት ብቻውን ይበቃል። የቤት ሥራ የሚልክ ልጅ፣ ከቤት የሚሠራ ሰው ካለ ደግሞ አታመንቱ። አከራያችሁ ግድግዳ እንዲበሳ ካልፈቀዱ ግን ክርክሩ አለቀ። እኔም አንድ ጊዜ «እትዬ፣ ቀዳዳዋ እኮ የጣት ያህል ናት» ብዬ ለምኜ፣ «ልጄ፣ ቀለም ያስቀባሁት ትናንት ነው» ተብዬ ወደ ሲም ተመልሻለሁ።

ቤቱ ራሱ

ከዚህ በኋላ ያለው ለሁሉም ነው። ቅሬታ የሚበዛውም እዚህ ነው፤ ኢንተርኔቱ ደርሶ ዋይፋዩ ሳይደርስ ሲቀር።

2.4 ጊጋኸርዝ ሩቅ ይሄዳል፣ ግድግዳ ይችላል፣ ግን ዝግ ያለ ነው፣ የጎረቤት ዋይፋይም ያጨናንቀዋል። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ነው፣ ግን ብሎኬት ሲያይ ይደክማል። ብሎኬት ይከብዳል፤ ኮንክሪት ይብሳል፤ ቆርቆሮ ከሆነ እርሱት። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከላይም ከታችም ከጎንም ዋይፋይ ስላለ ባለ ሁለት ሞገድ መግዛት ዋጋ አለው። ግቢ ውስጥ ለብቻው ለቆመ ቤት ያን ያህል አያስፈልግም። 2.4ቱን ስትጠቀሙ ቻናሉን ከ1፣ ከ6 ወይም ከ11 አንዱ ላይ አድርጉት፤ እርስ በርስ የማይነካኩት እነሱ ናቸው።

«የስንት ሜጋ ልግዛ?» ለሚለው ትንሽ ሒሳብ። 10 ሜጋ ማለት በሰከንድ 10 ሜጋ ቢት ነው፤ በስምንት ስታካፍሉት 1.25 ሜጋ ባይት ይሆናል። አንድ ጊጋ ባይት የሆነ ፊልም ለማውረድ 13 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ጥርት ያለ ቪዲዮ ለማየት 5 ሜጋ አካባቢ ይበቃል። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው 300 ወይም 1200 የሚለው ቁጥር ከሞደሙ እስከ ስልካችሁ ያለው የአየር ፍጥነት ነው፤ ያውም በወረቀት። ከውጭ የሚገባውን አይጨምርላችሁም።

አሁን ወደ ሰርቪስ እንሂድ። የብዙዎቻችን ግቢ ዋናው ቤት ከፊት፣ ሰርቪሱ ከኋላ ነው፤ ልጆቹ የሚያጠኑትም ተከራዩም እዚያ ነው። ሰው ወዲያው ዋይፋዩን ተቀብሎ እንደገና የሚያሰራጭ ሪፒተር ይገዛል። ሪፒተር በዚያው ሞገድ ተቀብሎ በዚያው ስለሚልክ ፍጥነቱን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። የሚሻለው የላን ኬብል መዘርጋት ነው፤ እስከ 100 ሜትር ይሄዳል። ውስጡ መዳብ መሆኑን ጠይቁ፤ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም አለ፣ ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይሰበራል። በዚያኛው ጫፍ የድሮ ሞደም ብትሰኩ ይሠራል። ገጹን ከፍታችሁ አድራሻውን ከዋናው የተለየ አድርጉ፣ ለምሳሌ 192.168.1.2። ለስልኮቹ አድራሻ የሚያድለውን፣ ዲኤችሲፒ (DHCP) የሚለውን አጥፉ። ኬብሉን ላን (LAN) ከተባለው የዋናው ቀዳዳ ወደ አሮጌው ላን ቀዳዳ ሰኩ። የጎረቤቴ «5ጂ» በመጨረሻ ሥራ ያገኘው እንዲህ ነው። ለቤቱ ሲም የሚበላ ሞደም ገዛ፤ ያኛው ሰርቪስ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ለልጆቹ ዋይፋይ ያድላል።

ስለ ዳንቴል ካልተናገርኩ ሕሊናዬ አይፈቅድም። እናቴ ሞደሙን ቡፌው ውስጥ፣ ከብርጭቆዎቹ ጀርባ አስቀምጣ ዳንቴል አልብሳው ነበር። «አቧራ እንዳይነካው» ብላ። ልክ ናት፤ የአዳማ አቧራ ነፋስ ሲነሳ በቁልፍ ቀዳዳ ይገባል። ግን ሞደም የሚተነፍሰው በእነዚያ ቀዳዳዎች ነው። በሚያዝያ ሙቀት ዳንቴሉን አንስቼ እጄን ሳሳርፍበት እንደ ምጣድ ይፋጃል። ከፍ ያለ ክፍት ቦታ ላይ አድርጉት፣ በሳምንት አንዴ በደረቅ ብሩሽ ጠረግ አድርጉት። ዳንቴሉን ለቴሌቪዥኑ ሰጠናት።

መብራት ሲሄድ

ከከተማ ወጣ ሲባል ኮረብታው ላይ የሚሽከረከሩት የነፋስ ተርባይኖች አዳማ አንድ 51፣ አዳማ ሁለት 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። እኛ ከሥራቸው ተቀምጠን ሻማ እንለኩሳለን። ኃይሉ ወደ አገር አቀፉ መስመር እንደሚገባ አውቃለሁ፤ ግን ያስቃል።

ለሞደም የሚሆን፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያሠራ ትንሽ ዩፒኤስ አለ፤ 12 ቮልት በቀጥታ የሚሰጥ። ሳጥኑ ላይ 8800 ኤምኤኤች ከተባለ በ3.7 ቮልት አባዙት፤ 32 ዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ሞደማችሁ 8 ዋት ቢበላ፣ የሚባክነው ተቀንሶ 3 ሰዓት ያህል ይሄዳል። ስትገዙ የሞደሙን አዳፕተር ይዛችሁ ሂዱ። 12 ቮልት ከሆነ 12 ቮልት፣ አምፒሩም እኩል ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። 9 ቮልት ለሚፈልግ 12 ከሰጣችሁት ልትቀብሩት ነው።

እዚህ ላይ ነው ፋይበሩ የሚያሸንፈው። መንገድ ላይ መብራት የሚፈልግ ነገር ስለሌለው፣ ጣቢያው በባትሪውና በጄኔሬተሩ እስከቆየ ድረስ የእናንተን ሳጥን ማብራት ብቻ ይበቃል። የሞባይል ማማም ባትሪ አለው። ግን መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ በሙሉ ስልኩን አንስቶ እዚያው ማማ ላይ ይሰፍራል። መብራት ሲመለስ ደግሞ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሲጠፋ ሞደሙን ከሶኬት ንቀሉት፣ ወይም ስታቢላይዘር ላይ አድርጉት። ነጎድጓድ ካለ መዳብ ያላችሁ የስልክ ገመዱንም ንቀሉ። መብረቅ በእሷ በኩል ይገባል። ፋይበር ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም።

ሱቅ ስትገቡ

ያገለገለ ሞደም መግዛት ነውር የለበትም፤ እኔም ገዝቻለሁ። ግን ሱቁ ውስጥ ይሰካ፣ 10 ደቂቃ ይቆይ፣ ዋይፋዩ በስልካችሁ ይታይ። ሪሴት የምታደርገው ቀዳዳ በእስክሪብቶ ጫፍ ተጭና ትሞከር፤ ካልሠራች የቀድሞው ባለቤት የይለፍ ቃል ውስጥ ተቆልፋችሁ ትቀራላችሁ። አዳፕተሩ የራሱ መሆኑን ጽሑፉን አስተያዩ። መዳብ ከሆነ የመስመሩን የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል፣ ቪፒአይና ቪሲአይ የሚባሉትን ሁለት ቁጥሮች አሮጌውን ሳትነቅሉ በፊት ጻፏቸው። ቤት እንደገባችሁ «አድሚን» የሚለውን የይለፍ ቃል ቀይሩ፣ ያለ ይለፍ ቃል በቁልፍ ወይም በፒን የሚያገናኘውን ደብሊውፒኤስን (WPS) አጥፉ። ካርቶኑንም ቢያንስ እስኪመዘገብ አትጣሉት፤ የመለያ ቁጥሩ እዚያ ላይም አለ፤ ሳጥኑ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ በኋላ ያችን ደቃቅ ጽሑፍ በባትሪ መብራት ማንበብ አንገት ያስጠመዝዛል።